ኮከብ ያለው ማን ነው?

አንባቢ ሆይ፤ በቢቸናም ሆነ በሞጣ፣ ወይም እርስዎ በሚኖሩበት በሌላ ከተማ፣ የሰፈር ቡድኖች ለዋንጫ ተጋጥመው ሲጨርሱ የሚሆነውን ሳያዩ አልቀሩም። ዋንጫው ለአሸናፊው ቡድን ይሰጣል፤ እልልታው ይቀልጣል፤ በዚህ የሚከራከር የለም፤ ሁለት ለአንድ ምን ጊዜም ሁለት ለአንድ ነው። ክርክሩ የሚነሣው ከዚያ ቀጥሎ ነው። አንድ ሰው ወረቀት ይዞ ይነሣና «የውድድሩ ኮከብ ተጫዋች» ብሎ አንድ ስም ይጠራል። የተመልካቹ እኩሌታ ያጨበጭባል፤ እኩሌታው ግን ወደ ጎረቤቱ ዘወር ብሎ «ኮከብ ያለው ማን ነው?» ይላል።

ይህ ጥያቄ ላይ ላዩን ሲያዩት የተሸናፊ ምቀኝነት ይመስላል። እኔ ግን ስለ ሽልማት ሊጠየቅ ከሚገባው ሁሉ ዋናው እርሱ ነው እላለሁ። ሽልማት የተባለ ሁሉ አንድ ክብደት የለውም። አንዱ ከተራ ብረት ተሠርቶ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ሲኮራበት ይኖራል፤ ሌላው ወርቅ ተቀብቶ ሣጥን ውስጥ ተረስቶ ይቀራል። ልዩነቱ ከየት ይመጣል? ማን ሰጠው፣ ምን አይቶ ሰጠው፣ መቼስ ሰጠው የሚለውን ስንመረምር የሚገለጥ ይመስለኛል። የዛሬውን ዓምድ ለዚሁ ነገር ሰጥቼዋለሁ፤ መንገዳችን እስከ አውስትራሊያ ድረስ ስለሚወስደን ጥቂት ይታገሡኝ።

መጀመሪያ ግን ከቤታችን እንነሣ። እግር ኳስ ወደ አገራችን ከመግባቱ በፊት የጎጃም ጎረምሳ ይፎካከርበት የነበረው ጨዋታ ገና ነው። ቆልማማ ዱላ ተይዞ፣ ሩሩ እየተመታ፣ የላይ ሰፈር ከታች ሰፈር ይገጥማል። የተጫዋቹ ቁጥር አይወሰንም፤ ፊሽካ የሚነፋ ዳኛ የለም፤ ዋንጫም የለም። በገና ጨዋታ ጌታ አይቆጣም ስለሚባል፣ ባላባቱም ቢሆን ያን ቀን በአራሹ ዱላ ቁርጭምጭሚቱን ቢመታ እያነከሰ ወደ ቤቱ ከመሄድ በቀር ሌላ ፍርድ አልነበረውም። ታዲያ ሽልማት አልነበረም ማለት ነውን? ነበረ እንጂ! ማታ በየቤቱ እሳት ዳር «ዛሬ እገሌ ባይኖር ኖሮ ተዋርደን ነበር» ይባላል። ከሁሉ የሚጣፍጠው ደግሞ ያው ቃል ከተሸነፈው ሰፈር አፍ ሲወጣ ነው። የራስ ሰፈር ቢያመሰግን ዘመድ ነው፤ የተሸነፈው ሰፈር ሲያመሰግን ግን ምስክር ነው።

በቅኔ ቤትም ነገሩ ከዚህ አይርቅም። ከቢቸና ብዙ የማይርቀው ዲማ ጊዮርጊስ፣ እንደዚሁም ዋሸራና ጎንጅ፣ ጎጃምን የቅኔ አገር ያሰኙ ቦታዎች ናቸው። ተማሪው ተነሥቶ ሲቀኝ፣ ምሥጢሩ የገባቸው ሊቃውንት «ይበል!» ይላሉ። ይህች አንዲት ቃል ገንዘብ አትከተላትም፤ ሜዳሊያም የላትም። ነገር ግን ከመምህሩ አፍ የወጣች አንዲት «ይበል» ደጀ ሰላሙን የሞላው ሕዝብ ከሚሰጠው አድናቆት ሁሉ ትበልጣለች። ሕዝቡ ድምፁን ይሰማል፤ ሰሙን ከወርቁ የሚለየው ግን ራሱ ሲቀኝ ያደገ ሰው ነው።

ስለ ማዕረግ ክብደት ደግሞ የቢቸናን ሰው ላስተምር ብል ለቀባሪው ማርዳት ይሆንብኛል። በጠላት ወረራ ዘመን በላይ ዘለቀ በዚያው አገር ጦር እየመራ ሲዋጋ ለተከታዮቹ ትልልቅ ማዕረግ ይሰጥ ነበረ፤ ለራሱስ ምን ማዕረግ እንደሚወስድ ቢጠይቁት፣ እናቱ በላይ ብላ ያወጣችለት ስም እንደሚበቃው መለሰ እየተባለ እስከ ዛሬ ይነገራል። ከድል በኋላ ግን ነገሩ በመዝገብ ሆነ። በላይ ደጃዝማች ተብሎ ቢቸናን እንዲገዛ ተሾመ፤ ሌላው የጎጃም አርበኛ ኃይሉ በለው ግን ራስ ተብሎ የጎጃም ገዥ ሆነ። በላይ ከመንግሥት ጋር የተጣላበት ምክንያት ብዙ ቢሆንም፣ ይህ የማዕረግ ልዩነት ከምክንያቶቹ አንዱ እንደ ነበረ የታሪክ ጸሐፊዎች ይናገራሉ። ፍጻሜው በ1937 ዓ.ም. በጥር ወር አዲስ አበባ ላይ ስቅላት ሆነ። ኳስን ከአርበኛ ደም ጋር ለማስተካከል ብዬ አላነሣሁትም። ነገር ግን ሽልማትን ከሽልማት ማነጻጸር የሥራ ፈት ወሬ ነው ለሚለኝ ሰው፣ በቢቸና በኩል አልፎ ይህን ታሪክ እንዲጠይቅ እለምነዋለሁ። ሕዝቡም ቢሆን በላይን ሲያነሣ ብዙ ጊዜ የሚቀናው ከደጃዝማችነቱ ይልቅ «አባ ኮስትር» ማለቱ ነው፤ ይህንንም መዝገብ አልሰጠውም።

አሁን ወደ ኳሱ እንመለስ። ክርክር የማያስነሣ ሽልማት ቢኖር የኮከብ ግብ አግቢው ነው ይባላል፤ መቁጠር ብቻ ነዋ! እስቲ በጥር 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተደረገውን የአፍሪካ ዋንጫ እንመልከት። የተሰለፉት አራት አገሮች ብቻ ነበሩ። ኢትዮጵያ ቱኒዚያን 4 ለ 2 አሸንፋ፣ ጥር 13 ቀን በዚያን ጊዜ የተባበረችው ዐረብ ሪፐብሊክ ከምትባለው ከግብፅ ጋር ለፍጻሜ ቀረበች። 90ው ደቂቃ 2 ለ 2 አለቀ። በጭማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎ ሦስተኛዋን፣ መንግሥቱ ወርቁ ደግሞ አራተኛዋን አክለው ዋንጫው በአገራችን ቀረ፤ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎም ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለው።

ታዲያ የውድድሩ ኮከብ ግብ አግቢ ማን ሆነ? በሁለት ጨዋታ 3 ግብ ያገባው መንግሥቱ ወርቁ ነው፤ ነገር ግን ብቻውን አይደለም። የግብፁ ባዳዊ አብደል ፋታህም 3 ግብ ነበረውና ክብሩን ተካፈለው። አሁን ነገሩን ልብ ብለው ይመልከቱት። ባዳዊ በፍጻሜው ቀን የግብፅን ሁለቱንም ግቦች አግብቶ ተሸንፎ ወደ አገሩ ሄደ። ኢታሎ በዚያው ቀን በጭማሪው ሰዓት ቡድኑን መሪ ያደረገችውን ግብ አግብቶ አሸነፈ፤ ስሙ ግን በኮከብ ግብ አግቢዎች መዝገብ ላይ የለም። መንግሥቱ ታላቅ ተጫዋች ለመሆኑ ምስክር አያስፈልገውም፤ እርሱን ዝቅ ለማድረግ የመጣሁም አይደለሁም። ቁጥር የሚናገረው የተጠየቀውን ብቻ መሆኑን ለማሳየት ነው። «ስንት አገባ?» ሲሉት ይመልሳል፤ «መቼ አገባ? ባያገባስ ምን እንሆን ነበር?» ሲሉት ዝም ይላል።

ይኸው ነገር በቅርቡም ታይቷል። በ2013 ዓ.ም. የተጠናቀቀው የፕሪሚየር ሊግ ውድድር ላይ የኢትዮጵያ ቡናው አቡበከር ናስር 29 ግብ አግብቶ፣ ጌታነህ ከበደ ይዞት የነበረውን የ25 ግብ ክብረ ወሰን ሰበረ። ዋንጫውን ግን የወሰደው የጎንደሩ ፋሲል ከነማ ነበረ። የቡና ደጋፊና የፋሲል ደጋፊ ከዚያ ወዲህ አንድ ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጡ ቡናቸው ሳይቀዘቅዝ አይነሡም።

ቁጥር ለአጥቂ ይስማማል፤ በረኛና ተከላካይ ግን የሚቆጥርላቸው የለም። በ1954ቱ ቡድን በረኛ የነበረው ጊላሚካኤል ተክለ ማርያም ያዳናቸውን ኳሶች የትኛው መዝገብ ያዛቸው? ይህ የእኛ ጉድለት ብቻ አይደለም። የፈረንሳዩ የወርቅ ኳስ ከ1956 ጀምሮ ሲሰጥ (የውጭ አገሩን ዓመት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ) ወደ በረኛ እጅ የገባው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ይኸውም በ1963 ለሶቪየት ኅብረቱ ለሌቭ ያሺን ነው። ከብዙ ዘመን በኋላ፣ በ2019፣ ለበረኞች ብቻ የሚሆን ሽልማት በያሺን ስም አቆሙ። ለእኔ ይህ ሠርጉን ካበሉ በኋላ ጓሮ ለተቀመጡት እንጀራ እንደ ማውጣት ያለ ነው።

ጊዜውም ነገር አለው። በ2002 የዓለም ዋንጫ ጋዜጠኞች የውድድሩን ምርጥ ተጫዋች ሲመርጡ ድምፃቸውን የሰጡት ፍጻሜው ከመድረሱ በፊት ነበረ። የመረጡትም የጀርመኑን በረኛ ኦሊቨር ካንን ነው። በፍጻሜው ካን ኳስ ከእጁ አምልጦት ብራዚላዊው ሮናልዶ አገባበት፤ ጀርመን 2 ለ 0 ተሸነፈች፤ የወርቅ ኳሱ ግን ለካን ተሰጠ። ካን እስከዚያች ቀን ድረስ በእርግጥ ከሁሉ በልጦ ነበረ፤ መራጮቹም አልዋሹም። ግን እህሉ ሳይወቃ ስንት ቁና ወጣው ብሎ መናገር ምን ይሉታል?

መራጩ ማን ነው ወደሚለው ስንመጣ ደግሞ አፍሪካ ራስዋ ጥሩ ምሳሌ አላት። ከ1970 ጀምሮ የአንድ የፈረንሳይ የስፖርት መጽሔት ጋዜጠኞች የአፍሪካን ኮከብ ይመርጡ ነበረ፤ የመጀመሪያው ተሸላሚ የማሊው ሳሊፍ ኬይታ ነው። በ1992 የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን የራሱን ሽልማት አቆመና በብሔራዊ ቡድን አሠልጣኞች አስመረጠ። በሚከተለው ዓመት፣ በ1993፣ ጋዜጠኞቹ የጋናውን አቤዲ ፔሌን ሲሉ፣ አሠልጣኞቹ የናይጄሪያውን ራሺዲ የኪኒን አሉ። አንድ አህጉር፣ አንድ ዓመት፣ ሁለት ኮከብ! ማን ተሳሳተ? ማንም አልተሳሳተም። ጋዜጠኛው የሚያየው ውበቱን ነው፤ አሠልጣኙ የሚያየው «ይህን ሰው በምን ላቆመው ነው?» እያለ ሌሊት እንቅልፍ ያሳጣውን ሰው ነው። ያችን ዓመት ስመዝን እኔ ወደ አሠልጣኞቹ አዘነብላለሁ፤ የፈራ ሰው ምስክርነት ከተደሰተ ሰው ምስክርነት ይጠነክራልና።

የእኛ ሯጮች በዚህ በኩል ዕድለኞች ናቸው፤ ዳኛቸው ሰዓት ነው። እነርሱም ቢሆኑ በምርጫ ተሸልመዋል፤ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በ1998፣ ቀነኒሳ በቀለ በ2004ና በ2005 የዓለም የዓመቱ ምርጥ አትሌት ተብለዋል። ነገር ግን ሞጣ ገበያ ቆመው «ኃይሌ በ1998 ምን ተሸለመ?» ብለው ቢጠይቁ የሚመልስልዎ ስንት ሰው ነው? «ሲድኒ ላይ ፖል ቴርጋትን እንዴት ቀደመው?» ቢሉ ግን ሽማግሌው ጭምር ደረቱን ገፋ አድርጎ ያሳይዎታል። ልዩነታቸው ከሰኮንድ መቶኛ 9 ብቻ ነበረ።

በምርጫ ነገር ከሁሉ ይልቅ የገረሙኝ ግን አውስትራሊያውያን ናቸው። የእነርሱ እግር ኳስ የእኛው አይደለም። ኳሱ እንደ ዕንቁላል ሞላላ ነው፤ ሜዳውም ሞላላ ነው፤ በአንድ ወገን 18 ሰው ይሰለፋል። ኳሱ በእጅም ይያዛል፤ በእግርም ይለጋል፤ በጡጫ ተመትቶም ለጓደኛ ይሰጣል። በየጫፉ አራት አራት ምሰሶ ቆሞ፣ በሁለቱ ረጃጅሞች መካከል በእግር ተለግቶ ያለፈው 6 ነጥብ፣ ከእነርሱ ዳር ያለፈው 1 ነጥብ ያስገኛል። ግፊያው የበረታ ስለ ሆነ፣ ከእኛ እግር ኳስ ይልቅ ለገና ጨዋታ የሚቀርብ ይመስለኛል።

ትልቁ ሽልማታቸው የብራውንሎው ሜዳሊያ ይባላል። የቆመው በ1924፣ በዚያው ዓመት ለሞተው የጂሎንግ ክለብ ሰው ለቻርልስ ብራውንሎው መታሰቢያ ነው። የሚሰጡት ጋዜጠኞች አይደሉም፤ አሠልጣኞችም አይደሉም፤ የሜዳው ዳኞች ናቸው። ከእያንዳንዱ ጨዋታ በኋላ ዳኞቹ ተመካክረው ለአንዱ 3፣ ለሁለተኛው 2፣ ለሦስተኛው 1 ድምፅ ይሰጣሉ። ወረቀቱ ይታሸግና የዙሩ ጨዋታ ሁሉ እስኪያልቅ ድረስ ይቀመጣል። ከዚያም በአንድ ማታ፣ ተጫዋቾቹ ከየባለቤቶቻቸው ጋር አምረው ለብሰው በተቀመጡበት፣ ድምፁ ጨዋታ በጨዋታ እየተነበበ ይደመራል። አገሩ ሁሉ ከመጀመሪያው ወረቀት እስከ መጨረሻው ይከታተለዋል።

የዚህን ሥርዐት ብልኃት እንመልከት። ዳኛው የማንም ደጋፊ አይደለም። ከተመልካች ሁሉ ይልቅ ለተጫዋቹ ቅርብ ነው፤ ትንፋሹን ይሰማል፤ ስድቡንም ይሰማል። ድምፁን የሚሰጠው ዕለቱን ነው እንጂ ወሬ ከበዛና ትዝታ ከደበዘዘ በኋላ አይደለም። ታሽጎ ስለሚቀመጥም «ሁሉም እገሌ ይላል፤ እኔም እገሌ ልበል» የሚል መንጋነት አይገባበትም።

ከዚህም ሌላ ሜዳሊያው የጎበዝ ብቻ አይደለም፤ ጨዋነትንም ይጠይቃል። በዓመቱ ውስጥ አጥፍቶ ከጨዋታ የታገደ ሰው የፈለገውን ያህል ድምፅ ቢያገኝ አይሸለምም። በ1997 የዌስተርን ቡልዶግሱ ክሪስ ግራንት 27 ድምፅ አግኝቶ ከሁሉ በልጦ ነበረ። ነገር ግን በዚያው ዓመት ለአንድ ጨዋታ፣ ለአንድ ብቻ፣ ታግዶ ስለ ነበረ፣ ሜዳሊያው 26 ድምፅ ላገኘው ለሴይንት ኪልዳው ለሮበርት ሃርቪ ተሰጠ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመትም ኮሪ ማከርናን ከሁለት ሰዎች ጋር እኩል ድምፅ አግኝቶ ሳለ፣ በእገዳ ምክንያት ሁለቱ ሲሸለሙ እርሱ ቀረ። ሕጉ ጨካኝ ነው ይሉ ይሆናል። እውነትዎን ነው። ግን አንድ ጊዜ ለአንድ ተወዳጅ ሰው ቢላላ ኖሮ፣ ከዚያ ወዲህ የተሸለመው ሁሉ «የላላለት ነው» መባሉ አይቀርም ነበረ። ግራንት ያጣት ሜዳሊያ ለሌሎቹ ክብደት ጨመረች ማለት ነው፤ ለግራንት ማጽናኛ እንደማይሆን ግን አውቃለሁ።

ሌሎችም ሽልማቶች አሏቸው። ለዓመቱ ብዙ ግብ አግቢ የሚሰጠው፣ በ98 ጨዋታ 537 ግብ አግብቶ ገና በ25 ዓመቱ ጉልበቱ ተሰብሮ ከሜዳ በወጣው በጆን ኮልማን ስም ነው። በኖርም ስሚዝ ስም ከ1979 ጀምሮ የሚሰጠው ደግሞ የፍጻሜው ጨዋታ ኮከብ ለሆነው ብቻ ነው፤ ዋንጫው ለሌላ ቡድን ሲሄድ ከተሸነፈው ወገን የተሸለሙበት ጊዜም አለ። ሞሪስ ሪዮሊ በ1982፣ ብቻውን 9 ግብ ያገባው ጋሪ አብሌት በ1989፣ ናታን ባክሊ በ2002፣ ክሪስ ጀድ በ2005 ቡድናቸው ተሸንፎ እነርሱ ተሸለሙ። የእኛን ባዳዊ አብደል ፋታህን አስታወሱት? የእኛ ማለቴ፣ የተመዘገበው በእኛ ሜዳ ስለ ሆነ ነው። ከ1982 ወዲህ ደግሞ ተጫዋቾቹ ራሳቸው እርስ በርሳቸው የሚመርጡት ሽልማት አለ፤ መጀመሪያ በተሸለመበት በሊ ማቲውስ ስም ይጠራል።

ከእነዚህ ሁሉ የቱ ይከብዳል? ሕዝቡን ቢጠይቁ ብራውንሎው ይላል፤ ዕድሜውም፣ ሥነ ሥርዐቱም፣ ያች ማታም አሉና። የቅኔ ቤቱን «ይበል» ያወቀ የጎጃም ሰው ግን ወደ ተጫዋቾቹ ምርጫ ማዘንበሉ አይቀርም፤ የሥራውን መራራነት የሚያውቀው ባለሥራው ነው። ብራውንሎውም ቢሆን ነቀፋ አለበት። የዳኛ ዐይን ኳሱን ይከተላል፤ ስለዚህ ድምፁ ብዙውን ጊዜ የሚዘንበው መካከል ላይ ኳስ ለሚያዘወትሩት ነው። ከኋላ ቆሞ አጥቂውን ቀኑን ሙሉ ኳስ ሳያስነካ የዋለ ተከላካይ፣ ምንም ነገር እንዳይሆን ማድረጉ ሥራው ስለ ሆነ፣ ምንም እንዳልሠራ ሆኖ ይታያል።

ለአውስትራሊያ የሚሆነው ሁሉ ለቢቸናና ለሞጣ አይሆንም። በትንሽ ከተማ ተጫዋቾች ይምረጡ ቢባል፣ አንዱ የአክስቱን ልጅ፣ ሌላው የክርስትና ወንድሙን ይመርጣል፤ ተመልካች ይምረጥ ቢባል ሰፈሩ የበዛው ያሸንፋል። ኮሚቴው ጥግ ላይ ተሰብስቦ ይምረጥ የሚለውን ደግሞ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ «ኮከብ ያለው ማን ነው?» የሚባለው ከዚያ ጥግ የተነሣ ነው። እኔ የምመርጠው የአውስትራሊያን ፖስታ ከገና ሜዳ ወግ ጋር ማጋባት ነው። ከየጨዋታው በኋላ ዳኛውና ሁለቱ የመስመር ዳኞች 3፣ 2፣ 1 ብለው ይጻፉ። የሁለቱም ቡድን አምበሎች ደግሞ አንድ አንድ ስም ይጻፉ፤ የሚጽፉት ግን ከተጋጣሚያቸው ቡድን ብቻ ይሁን። አጥቂው «ዛሬ ያስቸገረኝ ያ የኋላ ልጅ ነው» ብሎ እንዲመሰክር ዕድል የሚያገኘው እንዲህ ሲደረግ ነው፤ በረኛውም ቢሆን ስሙን የሚሰማው ከዚህ ወረቀት ነው። ቢቸናና ሞጣ በተጋጠሙ ቀን ዳኛው በመካከል ካለችው ከደብረ ወርቅ ቢመጣ ደግሞ ግማሹ ሐሜት ገና ሳይወለድ ይሞታል። የሚያስፈልገው ወጪ አንድ ደብተር፣ አንድ እስክሪብቶና ጥቂት ፖስታ ነው።

ለዚህ ሁሉ ምን አስጨነቀህ ይሉኝ ይሆናል። ለእኔና ለእርስዎ የአንድ ከሰዓት በኋላ ጨዋታ ነው፤ እልል ብለን ወደ ቤታችን እንገባለን። ለ17 ዓመቱ ልጅ ግን «ኮከብ ተጫዋች» የምትለዋ ወረቀት ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ሄዶ የአንድ ክለብ በር ሲያንኳኳ በእጁ የሚይዛት ብቸኛ ምስክር ናት። ወረቀቷ በዝምድና ከተሰጠች ሁለት ልጅ ትጎዳለች። የተሰጠው ልጅ በሄደበት ይፈተንና ያፍራል፤ የተነፈገው ልጅ ከነጭራሹ አይሄድም። ሁለተኛውን ማንም አይቆጥረውም፤ እንደ በረኛ ያዳነው ኳስ ነው።

ደብተር ያልሁት ደግሞ ያለ ምክንያት አይደለም። በ1930 የብራውንሎው ድምፅ ሲቆጠር ስታን ጀድኪንስ፣ ሃሪ ኮሊየርና አላን ሆፕኪንስ እኩል አራት አራት ድምፅ አገኙ። በዚያ ዘመን ዳኛው በየጨዋታው የሚሰጠው አንድ ድምፅ ብቻ ነበረ፤ 3፣ 2፣ 1 የመጣው በሚከተለው ዓመት ነው። ሹማምንቱ መክረው፣ በጥቂት ጨዋታ ያንኑ ያህል ድምፅ ያገኘው ጀድኪንስ ነው ብለው ሜዳሊያውን ለእርሱ ሰጡ። ከብዙ ዘመን በኋላ፣ በ1989፣ ያ አሠራር ትክክል አልነበረም ተብሎ መዝገቡ ወጣና፣ በእኩል ድምፅ እያሉ ሜዳሊያ ላልደረሳቸው ሁሉ ሜዳሊያ እንዲሰጥ ተወሰነ። መዝገብ ተጽፎ ስለ ተቀመጠ ድምፁ ከ59 ዓመት በፊት እንደ ተሰጠ ነበረ። ሃሪ ኮሊየር በሕይወት ነበረና፣ በወጣትነቱ ያመለጠችውን ሜዳሊያ በሽምግልናው በእጁ ተቀበለ።